የእስራኤል የባሕርና የሐይቅ ምርምር ተቋም ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

ከአሽቀሎን እስከ ሐይፋ ባለው የእስራኤል ጠረፍ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ናቸው። ከቧንቧችን የሚወርደው ውኃ በአብዛኛው ከሜዲትራኒያን ባሕር ተጣርቶ የመጣ ነው፤ ልጆቻችንም በበጋ የሚዋኙት በዚሁ ባሕር ነው። ይህን ባሕር ዓመት ከዓመት ማን እንደሚመረምረው፣ ምን እንደሚለካና ልኬቱ ለምን እንደሚጠቅም በቋንቋችን የተጻፈ ነገር ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ በውኃ ናሙና መሰብሰብና በላቦራቶሪ ምርመራ ሙያ የቆየሁ ሰው ነኝ። የተቋሙ ቃል አቀባይ ባልሆንም ሥራውን በቅርብ ስለማውቀው የደረሱኝን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ለመመለስ እሞክራለሁ። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ይህ ተቋም የዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው ወይስ የመንግሥት መሥሪያ ቤት?

በ1967 የተቋቋመ፣ ለትርፍ የማይሠራ የመንግሥት ኩባንያ ነው። ዲግሪ አይሰጥም፤ ሕግ የማስከበር ሥልጣንም የለውም። ሦስት ማዕከሎች አሉት። አንደኛው በሐይፋ ጠረፍ፣ ቴል ሺክሞና በተባለው ስፍራ ያለው ብሔራዊ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ነው። ሁለተኛው በኪኔሬት ማለትም በገሊላ ባሕር ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ፣ ታብጋ አጠገብ የሚገኘው፣ በይጋል አሎን ስም የተሰየመው የሐይቅ ላቦራቶሪ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በኤላት ያለው ብሔራዊ የባሕር ዓሣ እርባታ ማዕከል ነው።

ብዙ ሰዎች የሚደባለቅባቸው ነገር ስላለ እዚህ ላይ ግልጽ ላድርገው። ወደ ባሕር የሚለቀቅ ቆሻሻ ፈቃድ የሚሰጠውና የሚከለክለው የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ነው፤ ከኪኔሬት በዓመት ስንት ውኃ እንደሚሳብ የሚወስነው ደግሞ የውኃ ባለሥልጣኑ ነው። ተቋሙ የሁለቱንም ውሳኔ የሚያስደግፍ ልኬት ያቀርባል እንጂ ራሱ አይፈርድም። ይህ አሠራር ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ለካሁ የሚለውና ወሰንሁ የሚለው አንድ አካል ሲሆን፣ ልኬቱ ቀድሞ ወደተወሰነው ውሳኔ እንዲያዘነብል ግፊት ይበዛበታል።

ጥያቄ፦ በምርምር መርከብ ላይ ምን ይሠራል? እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ መጣል ብቻ ነው?

መረብም አለ፤ ነገር ግን አብዛኛው ሥራ ውኃን በየጥልቀቱ መቅዳት ነው። ተቋሙ ለረጅም ዓመታት ሺክሞና በተባለች መርከብ ሲሠራ ቆይቶ አሁን ባት ጋሊም በተባለችው መርከብ ይጠቀማል። መርከቧ ቀድሞ በተወሰነ ነጥብ ላይ ትቆምና፣ ዙሪያውን ረጃጅም ጠርሙሶች የተደረደሩበት የብረት ማዕቀፍ በሽቦ ገመድ ወደ ታች ይለቀቃል። ማዕቀፉ ሲወርድ ከሥሩ የታሰሩት መሣሪያዎች ሙቀትን፣ ጨዋማነትንና የሟሟ ኦክስጅንን ያለማቋረጥ ይመዘግባሉ። ጠርሙሶቹ ከላይም ከታችም ክፍት ሆነው ይወርዳሉ፤ በሚወጡበት ጊዜ ከመርከቡ በሚላክ ትእዛዝ አንዱ በ1,000 ሜትር፣ አንዱ በ500፣ አንዱ በ100 ሜትር እያሉ ይዘጋሉ።

ማዕቀፉ ወደ መርከቡ ሲመለስ መቸኮል ይጀመራል። በመጀመሪያ የሚቀዳው ለኦክስጅን ምርመራ የሚሆነው ውኃ ነው፤ አየር ከነካው ውጤቱ ይበላሻልና። ቀጥሎ ለናይትሬትና ለፎስፌት የሚሆነው ይቀዳል፤ ከዚያ በኋላ አረንጓዴውን የዕፅዋት ቀለም ለመለካት ብዙ ሊትር ውኃ በስስ ማጣሪያ ያልፋል። የባሕሩ ወለል ደግሞ በብረት መንጋጋ ይታፈስና ጭቃው በወንፊት ታጥቦ የቀሩት ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ትንንሽ ሸርጣኖች በማጉያ መነጽር ሥር ይቆጠራሉ። አንድን የወለል ናሙና ለይቶ መጨረስ የብዙ ቀናት ትዕግሥት ይጠይቃል።

ዋናው ነገር ወደዚያው ነጥብ ደጋግሞ መመለስ ነው። ከሐይፋ ጠረፍ ተነሥቶ ወደ ጥልቁ ባሕር በሚዘልቀው መስመር ላይ ከ2002 ጀምሮ ተከታታይ ልኬት ይወሰዳል። ከዚህ መስመር የተገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ያለው መካከለኛ የውኃ ንብርብር ጨዋማነት፣ በጣሊያንና በግሪክ መካከል በሚገኘው የአዮንያን ባሕር ያለው የውኃ ዝውውር አቅጣጫውን ሲለውጥ ለዓመታት ከፍ ይላል፣ ከዚያም ለዓመታት ዝቅ ይላል። አምስት ዓመት ብቻ የለካ ሰው «ባሕሩ በፍጥነት ጨዋማ እየሆነ ነው» ወይም «ጨዋማነቱ እየቀነሰ ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ሁለቱም ግን ስሕተት ይሆናሉ። እውነተኛው የረጅም ጊዜ ለውጥ ማለትም የሙቀቱና የጨዋማነቱ ቀስ በቀስ መጨመር የሚታየው ልኬቱ ሳይቋረጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሲቀጥል ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከአሽዶድ አንዲት እናት)፦ ውኃ ከባሕር ሲጣራ ጨው ተመልሶ ወደ ባሕር ይገባል ይላሉ። ልጆቼ በዚያው ባሕር ይዋኛሉ፤ አይጎዳቸውም?

እናቴ፣ የሰሙት እውነት ነው፤ ጨው ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ሁለት ሊትር የባሕር ውኃ ሲገባ ከዚያ የሚወጣው ንጹሕ ውኃ አንድ ሊትር ገደማ ነው፤ ቀሪው ጨዋማነቱ ወደ እጥፍ ተጠግቶ ይመለሳል። በጠረፉ ላይ ካሉት ትልልቅ ማጣሪያዎች የአሽቀሎኑ በ2005፣ የፓልማሂሙ በ2007፣ የሐዴራው በ2009፣ የሶሬቁ በ2013፣ የአሽዶዱ በ2015 ሥራ ጀምረዋል። ለዋናተኛ ይህ ጨው የጤና አደጋ አይደለም፤ የባሕሩ ውኃ ራሱ በሊትር 39 ግራም ገደማ ጨው አለበት።

ጥያቄው የሚከብደው በባሕሩ ወለል ላይ ለሚኖሩት ፍጥረታት ነው። ጨዋማው ውኃ ከባሕሩ ውኃ ስለሚከብድ ይሰምጥና ወለሉን ተከትሎ ይፈስሳል፤ ስለዚህ ከላይ ብቻ የለካ ሰው ምንም አያይም፤ መሣሪያው እስከ ወለሉ መውረድ አለበት። በሐዴራና በአሽቀሎን ጨዋማው ውኃ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው የማቀዝቀዣ ውኃ ጋር ተቀላቅሎ ከጠረፉ አጠገብ ይለቀቃል፤ በሶሬቅና በፓልማሂም ደግሞ በቧንቧ ወደ ውስጥ ተወስዶ ይበተናል። እስካሁን በተደረገው ክትትል የጨዋማነቱ ጭማሪ የሚጎላው በመልቀቂያው አካባቢ ነው። በአሽቀሎን ከጨው ይልቅ ዓይን የሳበው ጣቢያው የውስጥ ማጣሪያዎቹን ያጠበበት ውኃ ነበር፤ በውስጡ ያለው የብረት ውሕድ ባሕሩን ለተወሰነ ሰዓት እንደ ዝገት ያቀላው ነበር፣ በውኃው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ዕፅዋትና ባክቴሪያዎችም እንደሚነካ በምርምር ታይቷል። ማጣሪያዎች በቁጥር እየጨመሩ ሲሄዱ ክትትሉም አብሮ መጠናከር አለበት የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ጄሊፊሽ በየበጋው የሚመጣው ከየት ነው? ሲያቃጥለንስ ምን እናድርግ?

በእኛ ጠረፍ በብዛት የሚታየው ትልቁ ነጭ ጄሊፊሽ የሜዲትራኒያን ተወላጅ አይደለም፤ በስዊዝ ቦይ በኩል የገባ ነው። በእስራኤል ጠረፍ በ1970ዎቹ መጨረሻ ታይቶ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመንጋ መምጣት ጀመረ። አብዛኛውን ጊዜ ከሰኔ አጋማሽ በኋላ ይመጣና ለሳምንታት ይቆያል። በዋናተኞች ላይ ብቻ ሳይሆን በዓሣ አጥማጆች መረብና የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የባሕር ውኃ በሚስቡባቸው መግቢያዎችም ላይ ችግር ይፈጥራል።

ካቃጠላችሁ ከውኃው ውጡ፣ ቦታውን በዚያው በባሕር ውኃ እጠቡት፤ አትሹት፣ በቧንቧ ውኃም አትጠቡት። ቆዳ ላይ የቀሩት ያልፈነዱ መርዛማ ሴሎች ንጹሕ ውኃ ሲነካቸው ይፈነዳሉና። ዓይን ከተነካ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጓደኛዬ በመንጠቆ ያወጣውን ዓሣ በነጻ ሰጠኝ። እንደ ፊኛ የሚነፋ ዓሣ ነው። መብላት ይቻላል?

ወንድሜ፣ በፍጹም አይበላም! ይህ በዕብራይስጥ «አቡ ናፍሓ» የሚባለው ዓሣ ነው። በጉበቱ፣ በእንቁላሉ፣ በቆዳውና በሥጋው ጭምር ነርቭን የሚያደነዝዝ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ ማብሰልም ሆነ መጥበስ መርዙን አያጠፋውም። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት በእስራኤል 13 ሰዎች በዚህ ዓሣ ተመርዘው ሐኪም ቤት መግባታቸው ተመዝግቧል። መሸጥም የተከለከለ ነው። በቤታችሁ ያለ ሰው በልቶት ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከደነዘዘ ሳትዘገዩ አምቡላንስ ጥሩ፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ሊደክሙ ይችላሉ።

ይህም ዓሣ ከቀይ ባሕር በኩል የመጣ ነው። ቦዩ በ1869 ከተከፈተ ወዲህ በእስራኤል የሜዲትራኒያን ጠረፍ ከ400 በላይ የውጭ ዝርያዎች የተመዘገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የገቡት በዚሁ መንገድ ነው። ባለ መርዛማ እሾኹ የአንበሳ ዓሣ በሜዲትራኒያን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1991 በሄርጽሊያ አቅራቢያ ነበር፤ ከዚያ ለሃያ ዓመታት ያህል ጠፍቶ ከ2012 ገደማ ጀምሮ በብዛት ተስፋፋ። የዚህ ዓሣ ሥጋ በጥንቃቄ እሾኹ ከተወገደ ይበላል፤ የአይሁድን የምግብ ሥርዓት የሚጠብቅ ሰው ግን ስለዚህ ዓሣ ሃይማኖታዊውን ጥያቄ ለረቢው ያቅርብ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የዓባይ አፈር ሜዲትራኒያን ደርሶ እስራኤል ድረስ ይሄዳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ ተረት?

እውነት ነው፤ ከሁሉም ጥያቄዎች ልቤን የነካኝም ይህ ነው። ከጋዛ እስከ ሐይፋ ወሽመጥ ያለው የጠረፍ አሸዋ በአብዛኛው በናይል የመጣ ነው። ከናይል አፍ የወጣው አሸዋ በማዕበልና በጠረፍ ሞገድ እየተገፋ የሲናን ሰሜናዊ ጠረፍ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ጉዞው የሚያበቃው በሐይፋ ወሽመጥ ነው። ከአሸዋው ይልቅ በጣም የደቀቀው ደለል ወደ ጥልቁ ባሕር ይሄዳል።

ናይል ከሚሸከመው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሆነው በዓባይና በተከዜ በኩል ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ስለሆነ ከእርሱ የሚታጠበው አፈር የራሱ የሆነ የማዕድንና የኬሚካል ምልክት አለው። በዚህ ምልክት አማካይነት ተመራማሪዎች ከባሕሩ ወለል ረጅም የጭቃ ዓምድ በቧንቧ አውጥተው፣ በየንብርብሩ ከኢትዮጵያ የመጣውን ከሰሐራ በነፋስ ከመጣው አቧራ ይለያሉ። ከ10 ሺህ እስከ 6 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን የተከማቸው ንብርብር ጥቁር ነው። በዚያ ዘመን በአፍሪካ የክረምቱ ዝናብ በርትቶ ነበርና ናይል ወደ ባሕሩ እጅግ ብዙ ጣፋጭ ውኃ አፈሰሰ፤ ቀላሉ ውኃ ከላይ እንደ ክዳን ተንጣለለ፣ ከታች ያለው ውኃ አየር አጥቶ ኦክስጅኑ አለቀ፣ የሞቱት ፍጥረታትም ሳይበሰብሱ ተቀበሩ። በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት የጎጃምና የጎንደር ክረምት ምን ይመስል እንደነበር ከሚናገሩት መዛግብት አንዱ የሚገኘው በዚህ ባሕር ወለል ላይ ነው ማለት ነው።

የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1964 ውኃ መያዝ ጀምሮ በ1970 ሲጠናቀቅ ይህ ሁሉ ተለወጠ። ደለሉ በግድቡ ውስጥ ቀረ፤ በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም ባሕሩን ያዳብር የነበረው ጎርፍም ቆመ። በግብፅ ጠረፍ በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን ይደርስ የነበረው የሰርዲን ምርት በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ከአንድ ሺህ ቶን በታች ወረደ። ከዚህም ሌላ፣ ያ የጣፋጭ ውኃ ጎርፍ ከቀይ ባሕር በቦዩ ለሚመጡት ፍጥረታት መሰናክል ሆኖ ይኖር ነበር፤ ጎርፉ ሲቆም መሰናክሉም ተነሣ። ምሥራቅ ሜዲትራኒያን በተፈጥሮው ከዓለም ባሕሮች እጅግ ድኻ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ውኃው እንዲያ ሰማያዊና ጥርት ያለ የሆነው ጥቃቅን ዕፅዋት የሚመገቡት ፎስፎረስ እጅግ ስለሚያንሰው ነው።

ጥያቄ፦ በዜና ስለ ኪኔሬት «ቀይ መስመር» ሲባል ምን ማለት ነው? መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው?

ኪኔሬት ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ ሐይቅ ስለሆነ ቁጥሮቹ ሁሉ ከዜሮ በታች ናቸው። የላይኛው ቀይ መስመር ከባሕር ወለል 208.80 ሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ሐይቁ ከዚያ ካለፈ በዙሪያው ያሉ ከተሞች እንዳይጥለቀለቁ በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ያለው የደጋንያ ግድብ በር ይከፈታል። የታችኛው ቀይ መስመር 213 ሜትር ዝቅ ያለ ሲሆን፣ ከዚያ በታች መውረድ ለሐይቁ ጤና አሳሳቢ ነው። ጥቁሩ መስመር 214.87 ሜትር ነው፤ ይህ በ2001 መገባደጃ የተመዘገበው ዝቅተኛው ከፍታ ነው። ከተከታታይ ድርቅ በኋላ በ2018 መኸር ሐይቁ እንደገና ወደዚያ ተጠግቶ ነበር፤ ሁለት ጥሩ ክረምቶች አግኝቶ ደግሞ በ2020 ጸደይ ሊሞላ ጥቂት ብቻ ቀረው። መስመሮቹን የሚወስነው የውኃ ባለሥልጣኑ ነው፤ ላቦራቶሪው ደግሞ በየከፍታው ሐይቁ ምን እንደሚሆን ያጠናል።

የታብጋው ላቦራቶሪ የተቋቋመው በ1968 ነው። ከ1969 ጀምሮ የላቦራቶሪው ሰዎች በጀልባ ወደ ሐይቁ መሐል፣ ጥልቀቱ ከ40 ሜትር ወደሚያልፈው ነጥብ እየሄዱ በመደበኛነት ናሙና ይቀዳሉ። ሐይቁ በበጋ ለሁለት ይከፈላል፤ ላዩ ሞቅ ያለና ኦክስጅን ያለው፣ ታቹ ቀዝቃዛና ኦክስጅን የሌለው ይሆናል፤ የታችኛው ውኃ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ያለው ጋዝም ያከማቻል። በታኅሣሥና በጥር ቅዝቃዜና ነፋስ ሲመጣ ሁለቱ ይቀላቀላሉ።

ለሃያ አምስት ዓመታት ያህል በየጸደዩ አንድ ቡናማ ዋቅላሚ (አልጌ፣ በውኃ ውስጥ የሚበቅል ዕፅዋት መሰል ፍጥረት) እየበዛ ሐይቁን ያጠቁረው ነበር፤ መምጫው ስለማይዛነፍ ተመራማሪዎቹ ሐይቁ የተረጋጋ ለመሆኑ ምልክት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1994 በጋ መጨረሻ ግን ከዚያ በፊት በሐይቁ ታይቶ የማይታወቅ፣ ናይትሮጅንን ከአየር መውሰድ የሚችል ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ በድንገት ተባዛ፤ ይህ ዝርያ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ የማመንጨት ችሎታ አለው። ከዚያ ወዲህ የጸደዩ ዋቅላሚ አንድ ዓመት ይመጣል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል። ከ1969 የጀመረው መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህን ለውጥ ማንም በርግጠኝነት ሊያስረዳ አይችልም ነበር፤ «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ቢነሣ ማስረጃ አቅርቦ የሚመልስለት አይገኝም።

አሁን ደግሞ አዲስ ምዕራፍ ተከፍቷል። ከሜዲትራኒያን የተጣራ ውኃ በጻልሞን ወንዝ በኩል ወደ ኪኔሬት እንዲገባ ተደርጓል። ከ1964 ጀምሮ ከሐይቁ ወደ ደቡብ ውኃ ይወስድ የነበረው ሥርዓት በከፊል አቅጣጫውን ለወጠ ማለት ነው። የተጣራው ውኃ ጨውም ሆነ ለዋቅላሚ ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር ያነሰው ስለሆነ ሐይቁ እንዴት እንደሚቀበለው በየሳምንቱ መከታተል ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከጥብርያዶስ)፦ የኪኔሬት ውኃ ለምን ትንሽ ጨው ጨው ይላል?

ከሐይቁ ሥርና ዳር የሚፈልቁ ጨዋማ ምንጮች ስላሉ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያሉት ምንጮች በልዩ ቦይ ተጠልፈው ከሐይቁ በታች ወደ ዮርዳኖስ እንዲሄዱ ተደርጓል፤ በዚህም በሊትር 400 ሚሊ ግራም ሊደርስ ተቃርቦ የነበረው ክሎራይድ ከ200 ጥቂት ከፍ ወዳለ መጠን ወርዶ ነበር። ከሐይቁ ወለል የሚፈልቁትን ግን መጥለፍ አይቻልም።

ጥያቄ፦ በሐይፋ ወሽመጥ የተያዘ ዓሣ ሜርኩሪ አለበት ይባላል። ዛሬም ያስፈራል?

ታሪኩ እውነት ነው። ከወሽመጡ በስተሰሜን የነበረ የክሎሪንና የኮስቲክ ሶዳ ፋብሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሜርኩሪ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተቋሙ ኬሚስቶች ጭቃውንና ዓሣውን ሲመረምሩ ብክለቱ ጎልቶ ታየ፤ ልቀቱ እንዲቀነስ ተደረገ፣ ፋብሪካውም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋ። በዓሣ ውስጥ ያለው መጠን ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ቢወርድም ከጭቃው ሜርኩሪ ቶሎ አይጠፋም። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለውን ዓሣ የጤና ሚኒስቴር በሚፈቅደው መሠረት ብሉ፤ ከወሽመጡ ሰሜናዊ ዳርቻ ራሳችሁ የያዛችሁትን ትልልቅ አዳኝ ዓሣ አዘውትሮ መመገብን ግን እኔ አልመክርም፤ በተለይ ለነፍሰ ጡር።

ተስፋ የሚሰጥ ተመሳሳይ ታሪክ ከቴል አቪቭ በስተደቡብ አለ። ከ1987 እስከ 2017 ድረስ የማዕከላዊው ክልል የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ከጠረፉ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደ ባሕር ይለቀቅ ነበር። በዚያ አካባቢ ወለሉ ላይ የሚቀሩት ብክለትን የሚችሉ ጥቂት የትል ዝርያዎች ነበሩ። ልቀቱ ከቆመ በኋላ ክትትሉ ባለመቋረጡ ወለሉ እንዴት እያገገመ እንደሄደ ለማየት ተችሏል።

ጥያቄ፦ በ2021 ጠረፉን የሸፈነው ሬንጅ ከየት እንደመጣ እንዴት ይታወቃል?

በዚያ ዓመት በየካቲት፣ ከከባድ ማዕበል በኋላ፣ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ጠረፍ አብዛኛው በሬንጅ ቋጥኝና ነጠብጣብ ተሸፍኖ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ኬሚካላዊ ነው፤ እያንዳንዱ ድፍድፍ ነዳጅ የራሱ መለያ ስላለው ከየጠረፉ የተሰበሰበው ሬንጅ ከአንድ ምንጭ መሆኑና አለመሆኑ ይጣራል። ሁለተኛው የሞገድ፣ የነፋስና የማዕበል መረጃን በኮምፒዩተር አስልቶ ጊዜን ወደ ኋላ በመመለስ ዘይቱ ከየት አቅጣጫ ሊነሣ እንደቻለ መገመት ነው። ይህ ሁለተኛው ሥራ የሚቻለው በሐይፋና በአሽዶድ ያሉት የማዕበል መለኪያዎች በዕለቱ ብቻ ሳይሆን ዘወትር የሚሠሩ ከሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕሩ እየጨመረ ነው? ነታንያ ገደል አጠገብ ነው የምኖረው።

አዎ፣ እየጨመረ ነው። ተቋሙ ከ1992 ጀምሮ በሐዴራ፣ የድንጋይ ከሰል መርከቦች በሚያራግፉበት፣ ከጠረፉ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ባሕሩ በገባው መድረክ ላይ የውኃውን ከፍታ ይለካል፤ ጣቢያው የዓለም አቀፉ የባሕር ከፍታ መለኪያ መረብ አባል ነው። ጭማሪው በአማካይ በዓመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የውኃው ሙቀትም ባለፉት አርባ ዓመታት ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል። ለእርስዎ ግን የቅርቡ አደጋ የገደሉ መደርመስ ነው፤ በክረምት ማዕበል እግሩን ሲበላው ላዩ ሳይታሰብ ይናዳል። ከገደሉ ጫፍም ሆነ ከሥሩ መራቅ ያስፈልጋል፤ ልጆችዎንም ይምከሩ።

ጥያቄ፦ በኤላት ያለው ማዕከል ስለ ኮራል የሚያጠናው ነው?

አይደለም፤ ስለ ኮራል በብዛት የሚያጠናው እዚያው ኤላት ያለ ሌላ ተቋም ነው፤ እርሱ የዩኒቨርሲቲዎች የጋራ ነው። የዚህኛው ሥራ የባሕር ዓሣን ማራባት ሲሆን፣ ገበያ ላይ «ዴኒስ» ተብሎ የሚሸጠውን ዓሣ በሰው እጅ እንዲራባ በማድረግ የታወቀ ነው። በኤላት ወሽመጥ ውስጥ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች ለኮራሉ በመስጋት በመንግሥት ውሳኔ እስከ 2008 ድረስ ተነሥተዋል። ማዕከሉ በየብስ ላይ በሚሠራ ገንዳ የዓሣውን ቆሻሻ የባሕር ዋቅላሚ እንዲመገበው የሚያደርግ ዘዴም አዳብሯል፤ ውኃው ይጸዳል፣ ዋቅላሚው ደግሞ ለሌሎች እንስሳት መኖ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት፤ የባሕር ተመራማሪ መሆን ትፈልጋለች። ከየት ትጀምር?

ከሒሳብና ከኬሚስትሪ ትጀምር። ለባግሩት ማለትም ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና ሁለቱን በከፍተኛው ደረጃ መውሰዷ በሩን ይከፍትላታል። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ትምህርት ቤት አለው፤ የሩፒን ኮሌጅም በሚኽሞሬት የባሕር ሳይንስ ፋኩልቲ አለው። በባዮሎጂ፣ በፊዚክስ ወይም በጂኦሎጂ መጀመሪያ ዲግሪ ይዞ መግባትም የተለመደ ነው። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የተቋሙ ተመራማሪዎች ከዩኒቨርሲቲ ጋር በመሆን ተማሪዎችን ያማክራሉ። የላቦራቶሪና የመርከብ ቴክኒሻን መሆንም ክብር ያለው ሙያ ነው፤ ቴክኒሻኑ በትክክል ያልቀዳውን ውኃ ፕሮፌሰሩ ሊያስተካክለው አይችልም። ማኅበረሰባችን ልጆቹን ወደዚህ ሙያ እንዲያበረታታ ከልቤ እመኛለሁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ኢትዮጵያ ባሕር የላትም። ከዚህ ሁሉ ምን እንወስዳለን?

ሐይቅ አላት። በሰበታ የብሔራዊ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ በባሕር ዳርም የዓሣ ምርምር ይካሄዳል። ጣና ከኪኔሬት ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ በ2011 የታየው እምቦጭ ምን ያህል በፍጥነት እንደተስፋፋ ሁላችንም አይተናል። ከኪኔሬት ልንወስደው የምንችለው ውድ መሣሪያ የማይጠይቀውን ክፍል ነው።

አንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል፣ አልፎ ተርፎ አንድ የሐይቅ ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ፣ በጀልባ ወደ አንድ ቋሚ ነጥብ እየሄደ በየሳምንቱ ሊለካ ይችላል። የሚያስፈልገው ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ በነጭና በጥቁር የተቀባ ክብ ሳሕን፣ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድና ቴርሞሜትር ነው። ሳሕኑ እስኪጠፋ ይወርዳል፣ ከዚያ እስኪታይ ይሳባል፤ የሁለቱ ጥልቀት አማካይ የውኃው ጥርት የማለቱ ልክ ነው። ልኬቱ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከፍ ባለችበት፣ በጀልባው ጥላ በኩል ይወሰድ። መዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የነፋሱና የደመናው ሁኔታ፣ የለካው ሰው ስምም ይጻፍ። የሚለካው ሰው ሲለወጥ አዲሱና የቀድሞው ቢያንስ ለአራት ሳምንታት አብረው ይለኩ፤ የዓይን ልዩነት ስላለ ሁለቱ ያነበቡት ቁጥር ጎን ለጎን መመዝገብ አለበት።